ልሳኑን የካደ ሊቅ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የነገሥታትን ዜና የጻፉ ሰዎች መንግሥት በመንግሥት ላይ ሲነሣ፣ ከተማ ሲቃጠልና ዙፋን ሲገለበጥ የሆነውን ሁሉ በቀይና በጥቁር ቀለም አስውበው ሲያቈዩልን፣ የአንድ ትንሽ ሕዝብ ልሳን በታላላቆች እግር ሥር ወድቃ ሳለች ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት ሳትሞት እንደምትሻገር ግን አንዲት መስመር ስንኳ አልተዉልንም። በዐደባባይ የሚታይ፣ በነጋሪት የሚታወጅ ነገር ቢሆን ኖሮ በጻፉት ነበር፤ ይህ ግን በማጀትና በምኝታ ቤት፣ በእናት አፍና በሕፃን ጆሮ መካከል የሚፈጸም ስውር ግብር ነውና የጸሓፊ ዐይን አይደርስበትም። ሰይፍ ሥጋን ይቈርጣል፤ እሳት ቤትን ይበላል፤ ግብር ጐተራን ያራቍታል፤ ከእነዚህ አንዱም ግን ብቻውን ልሳንን ለመግደል ኀይል የለውም። ልሳን የምትሞተው ባለቤቷ ባፈረባት ቀን ነው፤ ኀፍረትም ከሰይፍ ይልቅ የተሳለ፣ ከግብር ይልቅ የከበደ መሆኑን ከዚህ በታች የምንተርከው የመምህር አጽቀ ድንግል ታሪክ ያስረዳል።

ከደብረ ከርቤ ከተማ በታች፣ የሽምዛ ወንዝ ገደሉን ሰንጥቆ ወደ በረሃ በሚወርድበት ቆላ፣ ዘልማ የሚባሉ፣ ቍጥራቸው ጥቂት መከራቸው ግን ብዙ የሆነ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ማን እንዳመጣቸው፣ መቼም እንደ መጡ ከደገኞቹ የሚያውቅ አልነበረም፤ እነርሱ ግን ሲጠየቁ «ወንዙ ሲመጣ እዚሁ ነበርን» ይሉ ነበር። ኑሯቸው ከንብ ጋር ነበር፤ ወገባቸውን በጠፍር ታስረው ከገደሉ አፍ ይንጠለጠላሉ፤ ከዐለቱም ስንጥቅ ማሩን ከነሰፈፉ ቈርጠው ያወርዳሉ። ማሩ ለገዢው ግብር ይሆናል፤ ሰሙ ለደብሩ ይሰጣል። በደብረ ከርቤ መቅደስ የሚበራው ጧፍ ሁሉ በዘልማ ሰም የተነከረ ነበር፤ ነገር ግን ሰሙን በራሱ ተሸክሞ ያመጣ ዘልማ በቅጽሩ በር ቆሞ ያስረክባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የጠጣበት ቅል ይሰበራል፤ የተቀመጠበት ድንጋይ ይገለበጣል። የሕዝቡ ስም ራሱ በደጋ ስድብ ሆኖ፣ እናት ያስቸገራትን ልጅ ስትቈጣ «አንተ ዘልማ!» ትለው ነበር። እነዚህ የተናቁ ሰዎች ከአማርኛም ከግእዝም የማይዛመድ፣ ከጕሮሮ ጥልቀት የሚወጣ የራሳቸው ልሳን ነበራቸው፤ ማር ከሚያሻሽጡ ጥቂት ደላሎች በቀርም ሊማረው የወደደ ደገኛ አልነበረም።

በዚያ ዘመን በደብረ ከርቤ ካሉት ሊቃውንት መካከል እንደ ዋርካ ጐልቶ የሚታየው መምህር አጽቀ ድንግል ነበር። ቅኔው የተወደደ፣ ዜማው የተመሰገነ፣ ከሁሉ በላይ ግን በትርጓሜ አቻ የሌለው፣ አንዱን ቃል በብዙ ገጽ እያገላበጠ የሚያሳይ፣ የተሰወረውን የሚገልጥና የተቋጠረውን የሚፈታ ሰው ስለ ነበር፣ የአገሩ ገዢ ደጃዝማች አውሳብዮስ ለፍርድ በተቀመጠ ጊዜ ሁሉ በቀኙ አስቀምጦ ምክሩን ይቀበል ነበር። ከጨዋ ወገን ሚስት አግብቷል፤ ነጭ ጥምጥሙና በብር የተለበጠ መቋሚያው ከሩቅ ይታወቃሉ። ስለ ትውልዱ የሚጠይቀው ሲኖር «አገሬ ከወንዞች ማዶ ነው፤ ወላጆቼም በበሽታ ዘመን አልቀዋል» ብሎ በአጭሩ ይመልስ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። የግብር ጭፍሮች የዘልማን መንደር በመቱበት ክረምት ከተማረኩት ሕፃናት አንዱ እርሱ ነበር፤ ገና ጥርሱን ያልለወጠ፣ ኤልጋ የሚባል ልጅ። ጭፍሮቹ ለአንድ መነኵሴ መምህር ሰጡት፤ መነኵሴውም የልጁን ብሩህ አእምሮ አይቶ ወደደው፤ ስለ ወደደውም የእናቱን ልሳን በአርጩሜ ከአፉ አወጣለት። «ይህን የዱር ቋንቋ የሰማብህ ሰው መቼም መምህር አይልህም» እያለ ባመለጠው ቃል ሁሉ ይገርፈው ነበር። ልጁም ታዘዘ። ቋንቋው መጀመሪያ ከአንደበቱ፣ ቀጥሎ ከሐሳቡ፣ በመጨረሻም ከሕልሙ ወጣ፤ ወይም የወጣ መሰለው። መነኵሴው ምሥጢሩን ይዞ በሞተ ጊዜ አጽቀ ድንግል አባቱን እንዳጣ ልጅ አምርሮ አለቀሰ፤ ከዕንባው በታች ግን፣ ከእንግዲህ የሚያውቅብኝ የለም የሚል ዕረፍት ነበረ፤ በዚያም ዕረፍት ላይ ክብሩን እንደ ቤት ሠራበት።

መስቀል አልፎ አደይ መርገፍ በጀመረበት ወራት፣ ዱርሲት የምትባል፣ ጠጕሯ ሸበት የጀመረው የዘልማ ሴት ወደ ደጃዝማቹ ችሎት መጥታ «አቤት!» አለች። ከአማርኛ የምታውቀው ያቺኑ ቃል ብቻ ነበር። በደሏ ይህ ነበር፦ ናሬ የምትባል ልጇ የደብሩን ሰም ልታስረክብ ወደ ቅጽሩ በር በመጣች ጊዜ፣ በቆላው ላይ የተሾመው የምስለኔ ጓሉ ጭፍሮች አፍነው ወስደው፣ ከገበያው በታች ለሰፈሩ የሲራራ ነጋዴዎች ሸጠዋት ነበር። ነጋዴዎቹም በማግሥቱ ማለዳ ወደ ባሕር ወደብ ለመነሣት ጓዛቸውን ይሸክፉ ነበር። ደጃዝማች አውሳብዮስ ገባር የሆነን ሰው የሸጠ አንገቱ ይቈረጣል ብሎ በነጋሪት አሳውጆ ስለ ነበር፣ የሴቲቱ ቃል በቀጥታ ቢሰማ ልጅቱ ትድናለች፤ ምስለኔውም ይጠፋል። ስለዚህ ምስለኔ ጓሉ፣ ማር ሲያሻሽጥ ዘልማኛ የለመደ እርገጤ የሚባል የራሱን ደላላ አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ደጃዝማቹ «ማን ያስተረጕምላታል?» ባለ ጊዜ «ይህ ሰው ቋንቋቸውን ያውቃል፤ ታማኝም ነው» ብሎ አቀረበው።

ዱርሲት ቆማ መናገር ጀመረች። መምህር አጽቀ ድንግል በደጃዝማቹ ቀኝ፣ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ሊደፍንበት የሚችል አንዳች ነገር ሳያገኝ ሰማት። ቃላቱ ፈቃዱን አልጠየቁም፤ ተቈልፎ የኖረ ቤት ባለቤቱ ሲመጣ እንደሚከፈት ያለ ድካም ወደ ልቡ ገቡ። «ልጄ ሰም ተሸክማ ወጣች» ትላለች ሴቲቱ፤ «ለአምላካችሁ የምታበሩትን ሰም። ያሰሯት እኛ ከገደል የምንንጠለጠልበት ጠፍር በመሰለ ገመድ ነው። ዛሬ ከገበያው በታች ናት፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ነገ አልሰማውም።» እርገጤም ወደ ደጃዝማቹ ዘወር ብሎ፣ ፊቱ ሳይለወጥ «ልጄ ከነጋዴዎቹ አንዱን ወድዳ ኰብልላለች፤ በሥራ የሚረዳኝ አጥቻለሁና ጌታዬ አስመልሱልኝ ትላለች» አለ። በዙሪያ የቆሙት መኳንንት ፈገግ አሉ፤ ደጃዝማቹም ጢሙን ዳሰሰ።

የመኳንንቱን ፈገግታ ያየች ዱርሲት ነገሯ እንዳልደረሰ ገባት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋም፣ ይህ መከራ አዲስ አለመሆኑን ልታስረዳ፣ በዚያ ክረምት የጠፉትን ሕፃናት፣ ሕዝቧ እንደ ሞቱ የሚቈጥራቸውን፣ በየስማቸው መጥራት ጀመረች። በዘልማ ዘንድ የሙት ስም ሲጠራ የሰማ ሰው ሁሉ ግራ መዳፉን በጕልበቱ ላይ ገልብጦ ይከፍታል፤ በስሙ የተጠራው ሙት በዚያች ቅጽበት በአጠገብ ያልፋልና፣ የያዘውን የሚያስቀምጥበት መዳፍ እንዳያጣ ነው ይላሉ። ይህን ልማድ ሕፃን ከመናገሩ በፊት ይማረዋል። ሴቲቱ ከስሞቹ መካከል «የእናቴን ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜን ኤልጋን» ባለች ጊዜ፣ አርጩሜ ያልደረሰበት፣ መነኵሴውም ያላየው የመምህሩ ግራ እጅ ከካባው በታች ወጥቶ በጕልበቱ ላይ ተከፈተ። ሊቁ ለገዛ ሙት ስሙ መዳፉን ዘርግቶ፣ በፊቱ የቆመችው እኅቱ መሆኗን ዐውቆ፣ ደም እንደ ሌለው ሰው ተቀመጠ።

ከተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ያን እጅ ያየችው አንዲት ሰው ናት። ዱርሲት ንግግሯን አቋርጣ አጥብቃ ተመለከተችው፤ ማን እንደሆነ አላወቀችም፤ ምን እንደሆነ ግን ዐወቀች። ከዚያ በኋላ ደጃዝማቹን ትታ፣ ወደ እርሱ ብቻ ዞራ፣ እናት ልጅን እንደምታባብል ባለ ድምፅ «ነጭ ጥምጥም ያለህ፣ እጅህ የእኛ ነው። ይህ ሰው ቃሌን እየለወጠው እንደሆነ ትሰማለህ። አንተ ንገርልኝ፤ ሌላ ነገር አልለምንህም» አለችው። እርገጤ «መምህሩ እንዲባርኳት ትማጠናለች» ብሎ ተረጐመ።

ደጃዝማች አውሳብዮስ ግን ክፉ ሰው አልነበረምና የሴቲቱ ሁኔታ አጠራጠረው። ወደ ቀኙ ዘንበል ብሎ «መምህር፣ አንቱ የልሳናት ባሕር ነዎት። ይህ ሰው የሚያስተረጕመው የታመነ ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀው።

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ሕይወት አንዳንድ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ስፋት ላይ ትቆማለች። በዚያች ትንፋሽ አጽቀ ድንግል ነጭ ጥምጥሙን፣ የሚስቱን ወገኖች፣ በፊቱ የሚሰግዱትን ደቀ መዛሙርት፣ በቅጽሩ በር የሚገለበጠውን ድንጋይ አየ፤ «አይደለም» ቢል ያ ድንጋይ ከእንግዲህ ለእርሱ የሚገለበጥ መሆኑን አሰበ። «አላውቅም» ብሎ ብቻ ቢያልፍ እንኳ ክፋቱ ልክ በኖረው ነበር፤ ነገር ግን የፈራ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይናገራል። «ጌታዬ» አለ፣ የተለመደውን የጣፈጠ ድምፁን አስተካክሎ፤ «የተጻፈ ቢሆን ባነበብሁት፣ የተነገረ ቢሆን በተረጐምሁት ነበር። ይህ ግን በገደል የሚንጫጫ የወፍ ድምፅ ነው እንጂ ልሳን አይደለም፤ ለወፍ ደግሞ አንድምታ የለውም።» መኳንንቱ ሣቁ፤ ደጃዝማቹም ሣቀ፤ ጥርጣሬውም ከሣቁ ጋር ሄደ። የሴቲቱ አቤቱታ ተሰረዘ፤ አጋፋሪውም ክንዷን ይዞ አወጣት። ዱርሲት አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። የሣቁን ትርጕም ከእርሱ ፊት ላይ አንብባው ነበርና፣ ችሎቱን እጅ ነሥታ እንደ ማንኛውም ባለጕዳይ ወጥታ ሄደች።

በዚያች ምሽት መምህሩ መንገድ ሲፈልግ አመሸ። ለደጃዝማቹ በስውር ልንገረው አለ፤ ከየት እንዳወቀ ይጠይቀዋል። በሰው እጅ ከነጋዴዎቹ ላስለቅቃት አለ፤ የላከው ሰው ያወራል። በመጨረሻም ገና ሳይነጋ ራሴ እሄዳለሁ ብሎ ወሰነና፣ ይህን በመወሰኑ ብቻ ልቡ ረክቶ እንቅልፍ ወሰደው። ማለዳ መቋሚያውን ይዞ ከገበያው በታች ሲደርስ ሜዳው ባዶ ነበር፤ የበቅሎዎቹ ፋንድያ ገና ትኩስ ነበር፤ የጥሩንባቸውም ድምፅ ከኮረብታው ወዲያ ይሰማ ነበር። ቢጮህ ሊያስቆማቸው ይችል ነበር። አልጮኸም። ተመልሶ ጕባኤውን ዘርግቶ አስተማረ፤ ደቀ መዛሙርቱም የዚያን ዕለት ትርጓሜ የጣፈጠውን ያህል ከዚያ በፊት ጣፍጦ እንደማያውቅ ለረጅም ዘመን ይናገሩ ነበር።

ዱርሲት ወደ ቆላ በተመለሰች ጊዜ ሕዝቧ በገደሉ ጥላ ተሰብስቦ ጠበቃት። ልጅ እንዳላመጣች ስላዩ ጠያቂ አልነበረም። እርሷም ተቀምጣ እንዲህ አለች፦ «በዚያ ሸንጎ ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ነበር። ሰማኝ፤ ዝም ብሎም አልቀረም፣ አሣቀብኝ። እንግዲህ ልጆቻችሁን አማርኛ አስተምሩ፤ አጣርታችሁ፣ ከደገኞቹ አስበልጣችሁ አስተምሩ፤ ከእንግዲህ ማንም በአፋችን ምትክ አይናገር። የእኛን ግን ደጅ ዘግታችሁ ተናገሩት። ለገበያ አታውጡት፤ ለካህን፣ ለደላላ፣ ለዳኛ አታሰሙት፤ ከእኛ ተወልዶ ከእኛ የወጣ ቢመጣም አታሰሙት።»

ገመድ ጠላፊው ሽማግሌ ኩርማይ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት አፍ የሰጠሽው ልጅ ውሎ አድሮ የሚጣፍጠውን ይመርጣል፤ የሚጣፍጠውም የጌቶቹ ነው» አላት።

«እኔ የሚጣፍጥ ነገር ልስጠው አላልሁም» አለች ዱርሲት፤ «ቂም ነው የምሰጠው። ቂም አይጣፍጥም፤ ግን አይረሳም።»

እንዳለችውም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሕፃን አፉን ሲፈታ፣ እናቱን ጠርቶ ሳይጨርስ፣ ናሬ የሚለውን ስም ይማር ጀመር፤ ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ የሚነገረው ታሪክ በዘልማኛ ብቻ የሚነገር ስለ ነበር፣ ቋንቋውን ያላወቀ ልጅ ቂሙን ሊወርስ አይችልም፤ ቂሙን የወረሰም ቋንቋውን ሊጥል አይችልም ነበር። ወጣቶቻቸው አማርኛን ከነቅኔው፣ ከነአሽሙሩ ተምረው በችሎት ቆመው መሟገት ቻሉ፤ ምስለኔ ጓሉንም በገዛ አንደበታቸው ከስሰው ከሹመቱ አስነቀሉት፤ ናሬን ግን የሚመልስ ፍርድ አልነበረም፤ ባሕር ከተሻገሩት ጋር ተሻግራ፣ ድምፅዋ ጠፋ። ደገኞቹም በገበያ ጥሩ አማርኛ ብቻ ስለ ሰሙ «ዘልማ ሠለጠነ፤ ያን ቋንቋውንም ረሳው» እያሉ ይደሰቱ ነበር። መምህር አጽቀ ድንግል ራሱ በጕባኤ ስለ ልሳናት ሲያስተምር «በቆላ የነበረው ጠፍቷል» ይል ነበር፤ ይህን ባለ ቍጥር ደስታ ወይስ ኀዘን እንደሚሰማው ራሱን ጠይቆት አያውቅም።

ዘመን ግን በሹመት አይደለልም። ደጃዝማች አውሳብዮስ በጦርነት ወደቀ፤ አዲሱ ገዢ የራሱን ሊቃውንት ይዞ መጣ፤ የመምህሩ ሚስት ሞተች፤ ልጅም አልነበራቸውም፤ በቀኝ የነበረው ምንጣፉ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ በር አጠገብ ተዛወረ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እርጅና ዕውቀቱን በመጣበት መንገድ እየመለሰ መውሰዱ ነበር። ኋላ የገባው ትርጓሜ አስቀድሞ ወጣ፤ ቅኔው ተከተለው፤ ግእዙም እንደ አሮጌ ካባ ከጫፉ መተርተር ጀመረ። አንድ ቀን በጕባኤ መካከል ስለ ዝናብ ሲናገር የዝናብን ስም አጣው፤ አፉን ሲከፍት የመጣለት ግን በዘልማኛ ያለው ስሙ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ አዲስ የግእዝ ቃል መስሏቸው ተቻኵለው ጻፉት።  ከዚያ ወዲህ ቃላቱ አንድ በአንድ፣ ከዚያም በመንጋ ተመለሱ፤ ውኃ፣ ጭስ፣ ገመድ፣ እሾህ፣ ነይ፣ አትሂጂ። ቀን ቀን ብቻውን እያወራ የሚሄድ ጃጀ የተባለ ሰው ሆነ፤ የሚያወራው ግን የሚመልስለት ስላጣ ነበር፤ ልሳን ብቻዋን አትኖርምና። በመጨረሻም ያለችውን ትንሽ ጓዝ ለደብሩ ድኾች ሰጥቶ፣ መቋሚያውን እንደ ምርኵዝ ይዞ፣ ሰው ሳይሰናበት የገደሉን መንገድ ወረደ።

የመንደሩ ወጣቶች ገመድ ሲጠልፉ ደረሰባቸው። ሽማግሌው በደስታ ተንደርድሮ በዘልማኛ ሰላምታ አቀረበ፤ ነገር ግን የወሰዱት ጥርሱን ሳይለውጥ ስለ ነበር የሚያውቀው የሕፃን ዘልማኛ ነበር፤ «ጠማኝ» የሚለውን የሚናገረው ከእናቱ ጕያ ያለ ልጅ እንደሚናገረው እየተኰላተፈ ነበር። ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ ታላቅ ሊቅ እንደ ሕፃን ሲንተባተብ ወጣቶቹ ተያዩ። አንዱ ሣቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ፤ ሌላው ግን ተነሥቶ፣ ጐንበስ ብሎ፣ በጠራ አማርኛ «እንኳን ደኅና መጡ አባታችን። መንገዱ አድክሞዎታል፤ ይረፉ፤ ውኃ እናምጣልዎ» አለው። ውኃ መጣለት፤ እግሩ ታጠበ፤ ማር ከነሰፈፉ ቀረበለት። ሽማግሌው በዘልማኛ በጠየቀ ቍጥር እነርሱ በአማርኛ ያስተናግዱት ነበር። ወደ ዱርሲት ውሰዱኝ ሲል ግን ስሟን ብቻ ሰምተው እንደ ገባቸው ሆነው ወሰዱት።

ዱርሲት እጅግ አርጅታ፣ በቤቷ ደጃፍ በቁርበት ላይ ተቀምጣ ነበር። እርሱም ጥምጥሙን አውልቆ ከፊቷ ተንበረከከና በዚያ በተኰላተፈ ልሳን «እኅቴ፣ ኤልጋ ነኝ» አላት።  የአሮጊቷ ጕንጮች እንደሚናገር ሰው ተንቀሳቀሱ፤ የወጣው ቃል ግን ዘልማኛ ሳይሆን፣ ከልጆቹ ጋር የተማረችው አማርኛ ነበር።

«ምን እንደሚሉኝ አልገባኝም፣ ጌታዬ። በአማርኛ ይንገሩኝ።»

«ኤልጋ ነኝ» አለ በአማርኛ፤ በዚያ ቋንቋ ሲነገር ስሙ የሌላ ሰው መሰለው። «ወንድምሽ ነኝ። በዚያን ዕለት በችሎቱ…»

«ኤልጋ የሚባል ወንድም ነበረኝ» አለች ዱርሲት፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። «በሕፃንነቱ ሞቷል። አልቅሰን ጨርሰናል። እርስዎ ግን እንግዳችን ነዎት፤ የመሸበት እንግዳም ከእኛ ደጅ ተርቦ አይሄድም።»

«ልጅሽን፣ ናሬን…»

አሮጊቷ እጇን አነሣች፤ ልትመታው መስሎት ሽማግሌው አንገቱን አቀረበ። እርሷ ግን ዝም እንዲል ብቻ ነበር ያነሣችው። «የእርሷን ስም በዚህ መንደር በአማርኛ አንጠራም» አለችው።

ከዚያ በኋላ አላባረሩትም። ከመንደሩ ዳር ጎጆ ቀለሱለት፤ በየተራ ምግብ ያመጡለት ነበር፤ ሲያልፍ ይነሡለታል፤ «አባታችን» ይሉታል፤ የሚያረጅ ሰው የሚመኘው ክብር ሁሉ ተሰጥቶት ኖረ። የነሡት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማለዳ ሴቶች ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ልጆች ሲጣሉና ሲታረቁ፣ ከሩቅ በዘልማኛ ሲንጫጩ ይሰማቸው ነበር፤ በእርሱ ዘመን ያልነበሩ ቃላት፣ የማያውቃቸው ቀልዶች፣ ከአማርኛ ተሰርቀው በዘልማ ጕሮሮ የተቃኙ ስሞች እየሰማ፣ ጠፋች ያላት ልሳን ከእርሱ ይልቅ ባለጤና ሆና፣ ወፍራና ተዋልዳ መኖሯን ዐወቀ። ሊሰማ ብሎ በቀረበ ጊዜ ግን ጫጫታው ይቆማል፤ ልጆቹም ተራ በተራ ጐንበስ እያሉ «እንደምን አደሩ?» ይሉታል። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ አንድ ቀን ተሳስታ፣ እሾህ ወዳለበት ሲራመድ አይታ፣ በዘልማኛ «እግርህን!» ብላ ጮኸችበት። ታላቅ እኅቷ ወዲያው አፏን ይዛ ወሰደቻት። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ በዚያው ስፍራ ቆሞ ዋለ፤ ካረጀ ወዲህ ከሰው አፍ በእናቱ ልሳን የተነገረው ያ ቃል ብቻ ነበር፤ የተነገረውም በስሕተት ነበር።

በሞተም ጊዜ ዘልማዎች የሚገባውን ሁሉ አደረጉለት። ከደብረ ከርቤ ካህናትን አስወርደው በግእዝ አስፈቱት፤ አልቃሽ አቁመው ባማረ አማርኛ ሙሾ አስወረዱለት፤ ካህናቱም የሕዝቡን ሥልጣኔ እያደነቁ ወደ ደጋ ተመለሱ። ዱርሲት ግን ከቀብሩ ቀርታ በቤቷ ተዘግታ ዋለች፤ ምን እንዳለች፣ በየትኛው ልሳንም እንዳለችው የሰማ የለም፤ ጐረቤቶቿ የሰሙት የሚያቃስት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ማቃሰት ደግሞ በሁሉም ልሳን አንድ ነው። የካህናቱ ዱካ ከመንገዱ እንደ ራቀ የመንደሩ በሮች ተዘጉ፤ ከውስጥም ጨዋታ፣ ጠብና ሣቅ በዘልማኛ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ደጁን ዘግቶ ልሳኑን ያዳነ ሕዝብ አይጠፋም፤ ከደጅ የቀረውን ልጁን ግን እንደ እንግዳ አክብሮ፣ በሰው ቋንቋ አልቅሶ ይቀብረዋል።